የ69 ካማሮዬ ኋላዋ አልረጋ አለ፦ ባሌስትራውን ላድስ ወይስ ነቅዬ ልጣለው?

ቀይ_ካማሮ69

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1969 ሸቭሮሌ ካማሮ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 6 ሲሊንደር ነበረች። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት አውጥቶ 350 ቪ8 ተክሎባታል። የኋላው ግን እንዳለ ነው የቀረው፤ ባሌስትራው (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ባለ አንድ ቅጠል ነው። ሞተሩን ባለፈው ዓመት አድሼ ጨረስኩት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እሷን የሚያህል የለም። ጣጣው የሚጀምረው መሪው ሲዞር ነው።

ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ። ከቆመችበት ነዳጅ ስረግጥ ኋላዋ ድው ድው ድው ይላል። ወለሉን ከስር በመዶሻ የሚደበድቡት ነው የሚመስለው። ኩርባ መሃል ጉብታ ካገኘች ደግሞ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። ኩርባ ውስጥ ገብቼ፣ ፍጥነቱ በዛ ብዬ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ፣ ጭራዋ ሊቀድመኝ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ስታደርገኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አጠገቤ የነበረው ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አብሮኝ አልወጣም።

አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ፣ “ባሌስትራ የጋሪ ዕቃ ነው፤ ነቅለህ በአራት ክንድና በሞላ (በጥቅል ስፕሪንግ) ቀይረው” አሉኝ። ወለል መቁረጥ አለ፣ መበየድ አለ። ፍላጎቴ ለውድድር አይደለም። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሳልፈራ ልነዳት ነው የምፈልገው። ምን ትላላችሁ?


አራት_ክንድ

ጋራዡ ልክ ነው። ንቀለው።

ባሌስትራ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ነው የተጫነበት። ክብደት ይሸከማል። አክስሉን፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኘውን ብረት፣ ከፊት ወደ ኋላም ከጎን ወደ ጎንም ይዞ ያቆያል። በዚያ ላይ ሞተሩ አክስሉን ሲጠመዝዘው የሚቋቋመውም እሱ ነው። ሦስት ሥራ የያዘ ሰው አንዱንም በደንብ አይሠራም። ባለ አራት ክንድ ሲሆን ግን ሥራው ይከፋፈላል። ሞላው ይሸከማል፣ ክንዶቹ ይይዛሉ፣ ሁሉም በየራሱ ይስተካከላል።

እኔ የራሴን ከቀየርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አንድም ቀን አልቆጨኝም።


ዝም_ብዬ_አንባቢ

እየተከታተልኩ ነው። የኔዋም እንደዚሁ ትዘላለች።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ልጄ፣ መጋዙን መጀመሪያ አስቀምጠው።

የውድድር ሹፌሩ ማርክ ዶናሂው በ1968 እና በ1969 ትራንስ አም በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ካማሮን ለአሸናፊነት ያበቃው በኋላ ባሌስትራ ነው። እርግጥ ያ ያንተ ባሌስትራ አልነበረም፤ በደንብ የታሰበበት ነበር። ግን “የጋሪ ዕቃ” የሚለው ሰው ይህን ይወቅ። ባሌስትራ ተበላሽቶ ያየ ሰው ሁልጊዜ ባሌስትራን ይወቅሳል።

ስለ መዝለሉ ልንገርህ። ነዳጅ ስትረግጥ ጎማው ወደ ፊት ሲዞር የአክስሉ ቤት ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት፣ ወደ ላይ ይነሳል። ባሌስትራው ይህን ኃይል ሲቀበል ቀጥ ብሎ አይቆይም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የፊት ግማሹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የኋላ ግማሹ ወደ ሌላ። ከዚያ ጎማው ትንሽ ያመልጣል። ኃይሉ ሲለቀቅ ባሌስትራው ተመልሶ ይስፈነጠራል፣ ጎማው እንደገና ይነክሳል፣ እንደገና ይጠማዘዛል። ድው ድው ያልከው ይኸው ነው።

ይህ በሽታ የታወቀ ነው። በ1967ቱ ካማሮ ሁለቱም የኋላ አሞርዛተሮች በአክስሉ አንድ ወገን ነበሩ። ስለዚህ አክስሉ ሲጠማዘዝ የሚያስቆመው አልነበረም። ከ1968 ጀምሮ አንዱን ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ አደረጉት። ያን ጊዜ አክስሉ ልዙር ሲል ይጎትቱታል። ኃይለኛ ሞተር ላላቸውም ብዙ ቅጠል ያለው ባሌስትራ ሰጧቸው። ያንተዋ ለ6 ሲሊንደር የታሰበውን አንድ ቅጠል ይዛ ነው ቪ8 የተጫነባት። ድሃ አህያ ላይ የሁለት ሰው ጭነት።

አሁን አራት ነገር እይልኝ። የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ጋር ሲተያይ ከፍ ብሏል ወይስ ደልደል ያለ ነው? የባሌስትራው የፊት ዓይን (ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቀዳዳ) ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ላስቲኩ፣ ምን ይመስላል? አሞርዛተሮቹ ዘይት አፍስሰዋል? የጎማዎቹ ዕድሜስ?


ቀይ_ካማሮ69

ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሥራ ቀርቼ ሥሯ ስገባ ዋልኩ። (በካቫሌቶ ላይ አሳርፌ ነው፣ በክሪክ ብቻ አይደለም፣ እንዳትቆጡኝ።)

ኋላዋ ከፍ ያለ ነው፣ አዎ። እንዲያውም በዚህ መልኳ ነው ወድጄ የገዛኋት። የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያንጠለጥለው ሻክል በጣም ረጅም ነው። ለካሁት፤ መሃል ለመሃል ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

የፊት ዓይኑ ጎሚኒ በግራ በኩል ግማሹ የለም። ብረት ከብረት ይነካካል። ሌቨር አስገብቼ ስገፋው አክስሉ በሙሉ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። አንዱ አሞርዛተር ደርቆ አቧራ የለበሰ ዘይት አለበት።

ጎማውስ? ጥርሱ ገና ነው፣ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳነብ ግን 1108 ይላል።


ሸቬል_እመቤት

1108 ማለት በፈረንጆቹ በ2008 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ጎማ ቀይር። ጥርሱ የቱንም ያህል ይኑር፣ ላስቲኩ ደርቋል። የደረቀ ጎማ ላይ የምታደርገው ማንኛውም ማስተካከያ ጤናማ መሆኑን ማወቅ አትችልም።


ባሌስትራ_ወዳጅ

እህታችን ትክክል ብላለች።

አሁን ወደ ረጅሙ ሻክል። ልጄ፣ ዋናው እሱ ነው። ሦስተኛው ያልከው፣ ያ የሚያስፈራህ፣ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ነገሩን ለማየት እስኪርቢቶ ያዝ። አንዱን ጫፍ በግራ እጅህ ጣቶች ጨብጠው፤ እሱ የባሌስትራው የፊት ዓይን ነው፤ ከሻንሲው ጋር ስለታሰረ አይንቀሳቀስም። ሌላው ጫፍ አክስሉ ነው። አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት ይሠራል። አክስሉ ከፊት ዓይኑ ዝቅ ብሎ ከጀመረ፣ ወደ ላይ ሲመጣ ወደ ኋላ ይርቃል። ከፊት ዓይኑ ከፍ ብሎ ከጀመረ ደግሞ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ፊት ይጠጋል። እስኪርቢቶውን አንቀሳቅሰህ እየው፣ በወሬ አትመነኝ።

ኩርባ ላይ መኪናው ያዘነብላል። በውጭ ወገን ያለው ጎማ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፣ የውስጡ ይርቃል። አሁን አስብ። ረጅሙ ሻክል ኋላውን ከፍ አድርጎታል፤ የፊት ዓይኑም አብሮ ከፍ ብሏል፤ አክስሉ ከሱ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ የውጭው ጎማ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የውስጡ ወደ ፊት ይመጣል። አክስሉ በራሱ መሪ ዞረ ማለት ነው፤ የዞረውም ጭራዋን ወደ ውጭ በሚወስድ አቅጣጫ ነው። ማንም ሰው መሪውን ሳይነካ የኋላው ጎማ ይመራል። እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ኋላዋ ይቀልላል፣ ከፍም ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ ወንድምህ አብሮህ አልወጣም።

ፋብሪካው ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ጭራዋ ወደ ውስጥ እንድትመራ፣ ማለትም ፈሪ ሹፌርን እንድታድን። ረጅም ሻክል በ1970ዎቹ ፋሽን ነበር፤ ሰፊ ጎማ ለማስገባትና ለመልክ። አያያዝ የሚፈልግ ሰው ግን የመጀመሪያ ሥራው እሱን መጣል ነው።


ቀይ_ካማሮ69

እስኪርቢቶ ይዤ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ “ምን ሆነሃል?” አለችኝ። ገባኝ። በጣም ገባኝ።


አራት_ክንድ

ጋሼ፣ ስለ ሻክሉ አልከራከርዎትም። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ባሌስትራ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ተዉት? ከ1982 እስከ 2002 የተሠራው ካማሮ የኋላው በሞላ ነው። አንድ ረጅም የቶርክ ክንድ ከዲፈረንሻሉ እስከ ካምቢዮው ይሄዳል፤ በጎን የሚይዘው ፓናርድ ባር አለው። አክስሉ መጠማዘዝ ሲፈልግ ክንዱ ይከለክለዋል። የእርስዎ ባሌስትራ ይህን አይችልም።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ጥያቄህ ጥሩ ነው። አልክድህም፤ የቶርክ ክንዱ የተሻለ ነው። እኔ ባሌስትራ ከሁሉም ይበልጣል አላልኩም። ያልኩት ልጁ ገና ያለውን ነገር አላየውም ነው። አንድ ጎሚኒው የሞተ፣ አሞርዛተሩ የፈሰሰ፣ በተሳሳተ ከፍታ የቆመ መኪና ላይ ወለል ቆርጠህ አዲስ ነገር ብትበይድ፣ የተሻለው ከየት እንደመጣ አታውቅም። ምናልባት አዲስ ጎማና አዲስ ጎሚኒ ነው የረዳው።

ደግሞም ቀጥ ያለ አክስል ራሱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሙስታንግ እስከ 2014 ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በቀጥ አክስል ነው ያሳለፈው፤ ለሁሉም ሞዴሎቹ በየጎማው ለየብቻ የሚሠራ የኋላ ያገኘው በ2015 ነው።


ፈረስ65

ፓናርድ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኔ የ1965 ሙስታንግ ነው፣ በባሌስትራ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አዋቂ ነኝ ባይ “አክስልህ በጎን ይንቀሳቀሳል” ብሎኝ ፓናርድ ባር ገዝቼ አስገባሁ። አንዱ ጫፍ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ። በሐሳብ ደረጃ አክስሉ በጎን አይሸሽም።

ግን ያልነገረኝ ነገር ነበር። ባሩ ራሱ ቅስት ይሠራል። አጭር ከሆነና ዘንበል ብሎ ከቆመ፣ መኪናው ሲወርድ አክስሉን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ባሌስትራው ደግሞ በራሱ መንገድ ሊይዘው ይፈልጋል። ሁለት አሳዳሪ ያለው አገልጋይ ሆነ። ግራ ስዞርና ቀኝ ስዞር የተለያየ መኪና የምነዳ መሰለኝ። አውጥቼ አዳዲስ ጎሚኒዎች ብቻ አስገባሁ። ተሻለ።

ፓናርድ መጥፎ ነው አላልኩም። ረጅም መሆን አለበት፣ መኪናው በቆመበት ከፍታ ደልደል ብሎ መተኛት አለበት፣ ከባሌስትራው ጋር እንዳይጣላም ቁመቱ መታሰብ አለበት። የዋት ማገናኛ የሚባለው ይህን ቅስት ያስቀራል፤ አክስሉን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። ግን ዕቃው ብዙ ነው፣ ቦታም ይፈልጋል። ለመንገድ መኪና ይህ ሁሉ ለምኔ ነው።


ሸቬል_እመቤት

እኔም ስለ ጎሚኒ አንድ ነገር ልናገር፤ የከፈልኩበት ትምህርት ነው።

የኔ ሸቬል የ1970 ናት። ከፋብሪካው ጀምሮ አራት ክንድና ሞላ አላት፣ ባሌስትራ የላትም። ታችኛዎቹ ሁለቱ ክንዶች ወደ ፊት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ላይኛዎቹ ሁለቱ ደግሞ ዘንበል ብለው ወደ መሃል ይገናኛሉ፤ በጎን የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ብልህ ዲዛይን ነው። ግን መኪናዋ ስታዘነብል ክንዶቹ ትንሽ መጠማዘዝ አለባቸው። ያን መጠማዘዝ የሚችለው ለስላሳው ላስቲክ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? “ጠንካራ ይሻላል” ብዬ ስምንቱንም ጎሚኒ በፖሊዩሬታን ቀየርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ መኪናዋ የተጠበቀች መሰለችኝ። ከዚያ ኩርባ ላይ አንድ ደረጃ ድረስ ጥሩ ትይዝና በድንገት ትለቃለች። ያለ ማስጠንቀቂያ። ክንዶቹ ተጣብቀው ስለማይጠማዘዙ የኋላው እንደ ጠንካራ ስታቢላይዘር (ማዘንበልን እንደሚቀንሰው ዘንግ) ሆኖ ነበር የሚሠራው። በዚያ ላይ ግራሶ ካልተቀባ እንደ ዝገት በር ይጮኻል። ላይኛዎቹን መልሼ ላስቲክ አስገባሁ፣ ታችኛዎቹ ላይ ፖሊዩሬታኑን ተውኩት። ሰላም ሆነ።

ስለዚህ ቀይ ካማሮ፣ ሁሉንም ጠንካራ ጠንካራውን አትግዛ። ባሌስትራም ሲያዘነብል ይጠማዘዛል። የፊት ዓይኑ ላይ ጠንከር ያለ ማድረግ ትችላለህ። ሻክሉ ጋ ላስቲክ ይሻላል ባይ ነኝ።


ጥቁር_ዳርት

እኛ የሞፓር (የክራይስለር መኪና) ሰዎች ዝም ብለን ነው የምንስቀው። ክራይስለር ባሌስትራውን ሲሠራ አክስሉን ከመሃል ወደ ፊት ጠጋ አድርጎ ነው ያሰረው። የፊት ግማሹ አጭርና ጠንካራ፣ የኋላ ግማሹ ረጅምና ለስላሳ። አጭሩ እንደ ክንድ ሆኖ መጠማዘዙን ይከላከላል። ጠቢብ ሥራ!

ቀይ፣ መዝለሉ ካልጠፋ ከባሌስትራው ሥር የሚታሰሩ የመጎተቻ ዘንጎች አሉ። ብቻ አይነቱን ለይ። ጫፉ ላይ ላስቲክ ኖሮት ከባሌስትራው የፊት ዓይን ጋር የሚጋጨው ቀጥ ላለ መንገድ ነው። ኩርባ መሃል ሲነካ የኋላውን ድንገት ያጠነክረዋል። ድንገት የሚሆን ነገር ኩርባ ላይ አያስፈልግህም።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ልጄ፣ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልስጥህ።

ጎማ። ከዚያ ብዙ ቅጠል ያለው ባሌስትራ ከልክ ከሆነ ሻክል ጋር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ሳህን ለአንድ ቅጠልና ለብዙ ቅጠል አንድ አይደለም፤ አብሮ የሚገጥመውን መያዝህን አረጋግጥ። ከፋብሪካው ከፍታ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ብትመርጥ ክፋት የለውም፣ ከዚያ ግን አትውረድ፤ ጉብታ ላይ አክስሉ ሻንሲውን ይመታል። አዳዲስ አሞርዛተሮች። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የባሌስትራውን መወዛወዝ ማስቆም ነው። ባሌስትራው ሲጠነክር እሱም ሊመጥነው ይገባል፤ አለዚያ ስፕሪንግ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ትነጥራለህ።

አንድ ነገር ደግሞ የፊት ንዑስ ሻንሲውን ከኋላው የሚያገናኝ ማያያዣ አስብበት። የካማሮ አካል መሃሉ ላይ ለብቻው ነው የቆመው፤ የፊቱ በላስቲክ ተይዞ ነው ያለው። አካሉ ራሱ እየተጠማዘዘ ኋላውን ማስተካከል በእርጥብ ሊጥ ላይ ሚስማር እንደመምታት ነው።


ቀይ_ካማሮ69
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ዜና ይዤ መጣሁ። ጥሩም መጥፎም አለው።

ባለ 5 ቅጠል ባሌስትራ፣ ልክ የሆነ ሻክል፣ ጎሚኒ፣ አሞርዛተር፣ ጎማ፣ ሁሉም ገባ። የድሮው የፊት ቡሎን አልወጣ ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አስለቀሰኝ፤ ዝገቱ ከጎሚኒው ውስጠኛ ቱቦ ጋር አንድ አድርጎት ነበር። በመጨረሻ ቆረጥኩት።

ከዚያ ጨርሼ መሬት ሳወርዳት ኋላዋ እንደገና ከፍ ብሎ ቆመ! ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል። ባሌስትራው የተሳሳተ መጣ ብዬ ልመልሰው ነበር።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ቡሎኖቹን ያጠበቅኸው ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ነው፣ አይደል?


ቀይ_ካማሮ69

…አዎ።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ሳቅሁ፣ ይቅርታ። ሁላችንም አንዴ አድርገነዋል። ላስቲክ ጎሚኒ አይሽከረከርም፤ ውስጡ ይጠማዘዛል። ተንጠልጥሎ ሳለ ብታጠብቀው፣ መሬት ስታወርደው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እሱም መኪናዋን ወደ ላይ ይገፋታል። ያለ ጊዜውም ይቀደዳል። የፊቱንም የሻክሉንም ቡሎን አላላው። መኪናዋ በራሷ ክብደት በጎማዋ ቆማ ሳለ ወዝወዝ አድርጋትና ከዚያ አጥብቅ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ደግመህ በቶርክ ሬንች ተመልከት፤ አዲስ ነገር ይተኛል፣ ይላላል።


ቀይ_ካማሮ69

ወረደች። አምናለሁ አላምንም፣ ግን ወረደች። ሁለቱም ሴንቲ ሜትር!

አሁን ስለ መንዳቱ። ድው ድው የሚለው ጠፍቷል። ኩርባ መሃል ጉብታ ስታገኝ ትነቃነቃለች እንጂ አትሸሽም። እግሬን ሳነሳ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትንሽ ጠጋ ይላል፤ ያ ብቻ ነው። ወንድሜ ትናንት አብሮኝ ወጥቶ ሲመለስ ምንም አላለም። ከሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ማዘንበሉ አሁንም ይበዛል። ደግሞ በ90 ኪሎ ሜትር አካባቢ አዲስ ንዝረት መጣ፣ በፊት ያልነበረ።


ጥቁር_ዳርት

ለማዘንበሉ ከኋላ ስታቢላይዘር ባር። 22 ሚሊ ሜትር ውሰድ፣ አለቀ።


ሸቬል_እመቤት

ቆይ ቆይ። ስታቢላይዘር ባር እንደሚመስለው ቀስ ብሎ አይጠነክርም። ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ከ19 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሦስት ሚሊ ብቻ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን 80 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የኋላ ባር ደግሞ ጥንካሬን በነፃ አይሰጥም። ኩርባ ላይ ከውስጠኛው የኋላ ጎማ ክብደት አንስቶ ለውጭው ያሸክመዋል። የውጭው ተጨናንቆ ቶሎ ያመልጣል፤ ጭራው ይወጣል። የውስጡ ቀልሎ ነዳጅ ሲረገጥ በከንቱ ይሽከረከራል፣ በተለይ ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ። ሰውዬው ከሞት ያመለጠው ጭራው እንዳይወጣ አድርጎ ነው፤ አሁን መልሳችሁ ልታወጡበት ነው?

ከፊት ጀምር። የ69ኙ ካማሮ ከፋብሪካው ከኋላ ባር አልነበረውም፣ የፊተኛዋም ስስ ናት። የፊቷን አወፍር፣ ንዳት፣ ከዚያ አፍንጫዋ አልዞር ካለ ብቻ ከኋላ ቀጭን ጨምር።


ጥቁር_ዳርት

እሺ እመቤት፣ ተሸነፍኩ። የኔ ዳርት ላይ 22 አለ ግን ዝናብ ላይ አልነዳትም። አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ።


ፈረስ65

ንዝረቱ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ማዕዘን ይመስለኛል። የቀድሞው ባለቤት ረጅም ሻክል ሲያስገባ የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ስለወረደ አፍንጫው ወደ ላይ ተነስቶበት ይሆናል። ያንን ለማካካስ ከአክስሉ ሥር ሽብልቅ አላስገባም? ሻክሉን መልሰህ ሽብልቁን ካልነቀልከው አሁን አፍንጫው ከሚገባው በላይ ተደፍቷል።


ቀይ_ካማሮ69

እግዚኦ። ሽብልቅ አለ። ሁለት። “የፋብሪካ ነገር ይሆናል” ብዬ አዲሱን ባሌስትራ በላያቸው አሰርኩ።


ባሌስትራ_ወዳጅ

ፈረሱ ጎበዝ ነው። አውጣቸው። ከዚያ ለካ። ማዕዘን መለኪያ ከሌለህ ስልክህ ላይ ያለውም ይበቃል፤ ብቻ ሁልጊዜ በአንድ በኩል አድርገህ ለካ። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ነዳጇም ግማሽ ሞልቶ። የካምቢዮው ጫፍ ወደ ታች ምን ያህል እንደሚያዘነብል ጻፍ፣ የዲፈረንሻሉን አፍንጫም ጻፍ። በባሌስትራ መኪና አፍንጫው ከካምቢዮው ጋር ትይዩ ከሆነው መስመር 2 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ተደፍቶ ቢቆም ጥሩ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ባሌስትራው ስለሚለቀው ወደ ላይ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ልክ ይገባል። ንዝረቱ ካለቀም በኋላ ክሮቼራዎቹን (የዘንጉን መጋጠሚያዎች) በእጅህ አወዛውዘህ እይ፤ በተሳሳተ ማዕዘን ብዙ ከሠሩ ይበላሉ።


ቀይ_ካማሮ69
(ከአምስት ቀን በኋላ)

ሽብልቆቹን አውጥቼ ስለካ 2 ዲግሪ ተኩል ተደፍቶ አገኘሁት። አልነካሁትም። ንዝረቱ የለም። የኋላው ክሮቼራ ግን ትንሽ ጨዋታ ስለነበረው ቀየርኩት። የፊቱን ባር አዝዣለሁ፤ ከኋላ ምንም አልጨምርም፤ እመቤት፣ ቃሌ ነው።

አራት ክንድ ወንድሜ፣ አንተንም አልረሳሁህም። አንድ ቀን ያንተን መኪና አስነዳኝና እንከራከር።


አራት_ክንድ

ና። ግን ጎማውን ለካክተህ ነው የምትመጣው፣ አውቅሃለሁ።


ዝም_ብዬ_አንባቢ

ይህን ሁሉ አንብቤ ሄጄ የኔን አየሁ። የኔም ሻክል ረጅም ነው። የድሮዎቹን ምን አደረግሃቸው?


ቀይ_ካማሮ69

አንዱ የጋራዡን በር ይደግፋል። ሁለተኛውን ወንድሜ ወስዶ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ምን እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ “ሊገድለኝ የነበረው ይኸው ነው” እያለ ነው የሚያሳየው።